ለልጆቻችን ሆኪ ቡድን የወሰድነው የፓወር ፕሌይ ክሊኒክ፦ ያዋጣል ወይ?

ካናዳ፣ ኤድመንተን ውስጥ ልጁን ሆኪ የሚያጫውት ወላጅ የስልጠና ማስታወቂያ አያጣም። የስኬቲንግ አለ፣ የሹት አለ፣ የበረኛ አለ። ዘንድሮ የእኛ ቡድን ወላጆች ተማክረን አንዱን ወሰድን። ፓወር ፕሌይ ብቻ የሚያሠለጥን ክሊኒክ ነው። አራት ልምምድ በረዶ ላይ፣ አንድ ምሽት ደግሞ ቪዲዮ። ዋጋው ለቡድኑ በሙሉ 1,500 ዶላር። የሪንኩን (የበረዶ ሜዳውን) ሰዓት ያቀረብነው ግን እኛው ነን፣ ከመደበኛው ልምምዳችን ላይ ወስደን።

የቡድኑ ማናጀር እኔ ነኝ። ገንዘቡን የሰበሰብኩትም፣ ሰዓቱን ያስያዝኩትም፣ ከክሊኒኩ አሰልጣኝ ጋር የተነጋገርኩትም እኔ ነኝ። ስለዚህ ከጅምሩ እስከ መጨረሻው መስታወቱ አጠገብ ቆሜ አይቼዋለሁ። ልጄም በዚሁ ከ13 ዓመት በታች ቡድን ውስጥ ዲፌንስ ትጫወታለች። ከካልጋሪም፣ ከቶሮንቶም፣ ከሚኒያፖሊስም "ልጄ ሆኪ ጀምሯል፣ እንዲህ ያለ ስልጠና ይጠቅማል ወይ?" የሚሉኝ ሐበሻ ወላጆች እየበዙ ነው። ለእነሱ ብዬ ነው የምጽፈው። የክሊኒኩን ስም እዚህ አላነሳም፤ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ።

ለጀማሪ ወላጅ ባጭሩ ላስረዳ። በሆኪ አንድ ቡድን በረኛውን ጨምሮ ስድስት ሆኖ ይጫወታል። ጥፋት የሠራ ተጫዋች ወጥቶ 2 ደቂቃ ይቀመጣል፣ ቡድኑም አንድ ሰው ጎድሎበት ይጫወታል። ሌላኛው ቡድን ያኔ፣ በረኞቹ ሳይቆጠሩ፣ አምስት ለአራት ሆነ ማለት ነው። ፓወር ፕሌይ የሚባለው ይሄ ነው። ጎል ከገባ ቅጣቱ ያበቃና ልጁ ይመለሳል። ድሮ እንዲህ አልነበረም። ጎል ገባም አልገባም ሁለቱን ደቂቃ ሙሉ ይቀመጡ ነበር። በኖቬምበር 1955 የሞንትሪያሉ ዣን ቤሊቮ ቦስተን ላይ በአንድ ፓወር ፕሌይ፣ በ44 ሰከንድ ውስጥ ሦስት ጎል አገባ። በቀጣዩ የውድድር ዘመን ኤንኤችኤል (ትልቁ የሰሜን አሜሪካ የሆኪ ሊግ) ሕጉን ቀየረው።

የእኛ ልጆች ችግር ምን ነበር? አምስት ለአራት ሲሆኑ ጭራሽ ይባስ ነበር። እኩል ለእኩል ሲጫወቱ ይሮጣሉ፣ ይታገላሉ፣ ያገባሉ። ተጋጣሚ ሰው ሲጎድልበት ግን ሁሉም እንደ ጉልቻ ይቆማሉ። ፐኩን (እንደ ኳስ የሚመታውን ጠፍጣፋ ክብ ጎማ) የያዘው ልጅ ጊዜ ያለው ይመስለዋል። ያያል፣ ያስባል፣ እንደገና ያያል። አራቱ ተከላካዮች በረኛቸው ፊት አራት ማዕዘን ሠርተው ይጠብቁታል። በመጨረሻ ከሩቅ ይመታና የአንዱ እግር ላይ ያርፋል። እነሱም አንስተው ከሜዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ይሰዱታል። ሰው የጎደለበት ቡድን ፐኩን እንዲህ ቢያርቀው አይሲንግ የሚባለው ጥፋት (ፐኩን ከራስ ሜዳ እስከ ማዶው ጫፍ መስደድ) አይጠራበትም። አሜሪካ ያላችሁ በዚህ ተገላግላችኋል፤ ዩኤስኤ ሆኪ ከ2017 ጀምሮ ከ14 ዓመት በታች ላሉት ይህን ከልክሏል። እኛ ጋ ግን ልጆቹ ፐኩን ለማምጣት 60 ሜትር ገደማ ወደ ኋላ ይሄዳሉ፣ ተደራጅተው ሲመለሱ ጊዜው ሄዷል። እንዲህ ሁለት ጊዜ ከተደረገ ፓወር ፕሌዩ አለቀ።

አሁን ወደ ክሊኒኩ። የመጀመሪያው ልምምድ አላስደሰተኝም። አሰልጣኙ ጥሩ ሰው ነው፣ የልጆቹን ስም ወዲያው ነው የያዘው። ግን ከሰዓቱ ግማሽ ያህሉን ሰሌዳ ላይ ጨረሰው። የሳለላቸው አንድ-ሦስት-አንድ የሚባለውን አሰላለፍ ነው። አንድ ልጅ ከላይ ሰማያዊው መስመር (የአጥቂው ዞን መግቢያ) አጠገብ፣ ሦስት በመሃል ጎን ለጎን፣ አንድ በረኛው ፊት። የከተማችን የኤንኤችኤል ቡድን ኦይለርስ የሚጫወቱበት ስለሆነ እዚህ ከተማ ይህን ሥዕል የማያውቅ ልጅ የለም። ኦይለርስ በ2022-23 ካገኙት ፓወር ፕሌይ 32.4 በመቶውን ጎል አድርገዋል። ከዚያ በፊት በኤንኤችኤል እንዲህ ያለ ውጤት ያስመዘገበ ቡድን አልነበረም። ነገር ግን ያ አሰላለፍ የሚሠራው የኦይለርስ ኮከብ ድራይሳይትል ከጎሉ ጎን ካለች ጠባብ ማዕዘን የመጣለትን ፐክ ሳያቆም መምታት ስለሚችል ነው። ሌላው ኮከባቸው ማክዴቪድ ሲንቀሳቀስ ሁለት ሰው ስለሚስብ ነው። የ12 ዓመት ልጅ ከዚያው ቦታ ቢመታ፣ ፐኩ እስኪደርስ በረኛው ዞሮ ይጠብቀዋል። ረጅሙ ፓስም እንደዚያው ነው። ግማሽ መንገድ ላይ የአንዱ ተከላካይ ስቲክ (የመጫወቻ ዱላ) ይቆርጠዋል።

እዚያው ልምምድ ላይ ፐኩን ለኋለኛው ትቶ ወደ አጥቂ ዞን የመግባት ዘዴንም አስተማራቸው። ከፊት የሚሮጠው ልጅ መሃል ሜዳ ላይ ፐኩን ወደ ኋላ ይተወዋል፣ ከኋላ በሙሉ ፍጥነት የሚመጣው ይዞት ይገባል። ቴሌቪዥን ላይ ያምራል። በሚቀጥለው ጨዋታ ልጆቹ ሞከሩት። የተተወው ፐክ ጋ ቀድሞ የደረሰው ግን የተጋጣሚ ልጅ ነበር። ብቻውን ሄዶ አገባብን። አምስት ለአራት ሆኖ ጎል የተቆጠረበት ልጅ ወደ ቤንች ሲመለስ ቀና አይልም። በዚያ ሳምንት ስልኬ አላረፈም። "መቶ መቶ ዶላር ያወጣነው ለዚህ ነው?" ያሉኝ ወላጆች ነበሩ፣ እውነታቸውን ነው።

ለአሰልጣኙ ደውዬ የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። ለዚህ ክሊኒክ ትልቁን ነጥብ የምሰጠው እዚህ ላይ ነው። አልተከራከረኝም። "የጨዋታውን ቪዲዮ ላኪልኝ" አለ። ያለን አንድ አባት ከመቀመጫው በስልኩ የቀረጸው፣ የሚንቀጠቀጥ ቪዲዮ ነው። እሱኑ ላክንለት። ለሁለተኛው ልምምድ ሲመጣ ሰሌዳውን አልያዘም።

ይዞ የመጣው በረዶ ላይ የሚጻፍበት ማርከር ነው። ከጎሉ መሃል ተነስቶ፣ በረዶው ላይ በተሳሉት ሁለት ክቦች መካከል፣ ወደ ሰማያዊው መስመር ቀጥ ያለ ቀይ መስመር አሰመረ። ሜዳውን አጥብቦ ሦስት አጥቂ ለሁለት ተከላካይ አስገባ። ሕጉ አንድ ነበር፦ ፐኩ ቀዩን መስመር በፓስ ካላቋረጠ ጎል አይቆጠርም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የቀድሞው የኤንኤችኤል በረኛ ስቲቭ ቫሊኬት "ሮያል ሮድ" ብሎ የሰየመው የሐሳብ መስመር ነው። ምክንያቱም ቀላል ነው። ፐኩ በአንድ ጎን ብቻ ሲዞር በረኛው ትንሽ ትንሽ እየተጠጋ ፊት ለፊቱ ይቆማል። መሃሉን ሲያቋርጥ ግን በረኛው ከአንዱ ቋሚ ወደ ሌላው መወርወር አለበት፣ ተረጋግቶ ሳይቆም ይመታበታል። የ12 ዓመት በረኛ ደግሞ ከጎን ወደ ጎን ገና ፈጣን አይደለም። ስለዚህ ኃይለኛ ሹት አያስፈልግም። ፐኩን ክፍቱ ቦታ ላይ ማስቀመጥ ይበቃል።

መጀመሪያ ትርምስ ነበር። ሦስቱም ወደ ፐኩ ይሄዱና እርስ በርሳቸው ይጠላለፋሉ። አሰልጣኙ ፊሽካ አይነፋም፣ አስቁሞ አያስረዳም። ፐኩ ከወጣ ሌላ ይወረውርላቸዋል። በዚያ ጠባብ ቦታ ልጆቹ የነኩት ፐክ ብዛት፣ በጨዋታ ቀን ከሚነኩት ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ትንሽ ቆይቶ ልጄ ላይ አንድ ነገር አየሁ። ፐኩን ይዛ የምታየው ጓደኛዋን አልነበረም፤ የተከላካዩን ስቲክ ነው። ልትመታ እንደሆነ ሁሉ ትከሻዋን አዞረች። ልጁ ሹቱን ለመከልከል ስቲኩን ዘርግቶ ተከተላት። በጫማውና በስቲኩ መሃል ክፍተት ተፈጠረ። ፐኩን በዚያች ክፍተት ቀስ አድርጋ አሳለፈችው፣ ቀዩን መስመር ተሻገረ። ማዶ የቆመው ልጅ ባዶው ጎል ውስጥ ከተተው። እንዲህ አድርጊ ያላት ሰው አልነበረም። ጨዋታው ራሱ ነው ያስገደዳት። አጠገቤ የቆመ ሌላ ሐበሻ አባት፣ ኳስ ይጫወት የነበረ ነው፣ "እኛም ኳስ የለመድነው ጠባብ ሜዳ ላይ በድንጋይ ጎል ነው" አለኝ። ልክ ነው።

እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት አንድ ነገር ነው። በዚህ ዕድሜ ፓወር ፕሌይ አሰላለፍ አይደለም። ትልቁ ሜዳ ላይ አምስት ለአራት የሚባለው ብልጫ፣ የሆነ ጥግ ላይ ሁለት ለአንድ ወይም ሦስት ለሁለት ካልሆነ ዋጋ የለውም። ልጆች መልመድ ያለባቸው ያንን ትርፍ ሰው ቶሎ ማግኘት ነው። ስልጠና ልትገዙ ከሆነ አሰልጣኙን በቅድሚያ "ከአንድ ሰዓት ውስጥ ልጆቹ ስንት ደቂቃ ይጫወታሉ?" ብላችሁ ጠይቁት። የሰሌዳውን ትምህርት ኢንተርኔት ላይ በነፃ ታገኙታላችሁ።

ከሦስተኛው ልምምድ ጀምሮ አሰላለፉም ተቀየረ። አንድ-ሦስት-አንዱ ቀርቶ ኦቨርሎድ የሚባለው መጣ። ሦስት ልጆች በአንድ ጎን ይሰባሰባሉ። አንዱ ሜዳውን የከበበው ግድግዳ አጠገብ፣ አንዱ ከጎሉ ጎን ታች፣ አንዱ በረኛው ፊት። ሁለቱ ዲፌንሶች ከላይ ናቸው። ፓሶቹ አጫጭር ስለሆኑ የልጅ ክንድ ይችላቸዋል። ተከላካዮቹ ወደዚያ ጎን ሲሳቡ ማዶ ያለው ዲፌንስ ብቻውን ይቀራል። ግድግዳው ጋ የሚቆመውን ልጅ ሲመርጥ በግራ ነው ወይስ በቀኝ የሚመታው ብሎ ጠየቀ። ካናዳ ውስጥ አብዛኛው ልጅ በግራ ነው የሚመታው፣ የእኛም እንደዚያው ነው። ስቲኩ ወደ መሃል የሚያይለት ልጅ ፐኩን ተቀብሎ ወዲያው ማቀበል ይችላል። ሌላው መጀመሪያ መዞር አለበት፣ እስኪዞር ቀዳዳው ይዘጋል። እንዲህ ያለውን ዝርዝር በፈቃደኝነት የሚያሠለጥኑ አባቶች ሁልጊዜ አያስተውሉትም። ባለሙያ ሲከፈለው የምታገኙት ይህን ነው።

ወደ አጥቂ ዞን አገባቡንም አቃለለው። ሁለት ልጆች በግራና በቀኝ ጠርዝ ሰማያዊው መስመር ላይ፣ ሳይሻገሩ ይጠብቃሉ። ፐኩን የያዘው በመሃል ይመጣል። ተከላካዩ ወደ እሱ ከወጣ ለጠርዙ ይለቃል፣ ካልወጣ ራሱ ይገባል። አለቀ። ከዚያ በኋላ መግቢያው ላይ ፐክ የምናጣው በጣም ጥቂት ነው።

ከሁሉ የወደድኩት ግን ከሹት በኋላ ያለውን ነው። የተመለሰ ፐክ የማን ነው? ድሮ የእኛ ልጆች መትተው ያዩት ነበር። እሱ "ሁለት ሰው ወዲያው" የሚል ሕግ ሰጣቸው። ከ13 ዓመት በታች በአካል መግጨት ክልክል ነው፤ ሆኪ ካናዳ በ2013 ነው የከለከለው። ስለዚህ ቀድሞ የደረሰው ልጅ የተከላካዩን ስቲክ ከሥር ያነሳል፣ ሁለተኛው ፐኩን ይወስዳል። ያቺን ፐክ ማስቀረት ማለት 60 ሜትሩን ወደ ኋላ አለመሄድ ማለት ነው። አንድ ልምምድ ግማሹ በዚህ ብቻ አለፈ፣ ልጆቹ ላብ በላብ ሆነው ወጡ።

የቪዲዮው ምሽት ሪንኩ ፎቅ ላይ ባለች ክፍል ነበር። ወላጆች ፒዛ አመጡ፣ እኔ ሳምቡሳ ይዤ ሄድኩ። አሰልጣኙ ያንን የሚንቀጠቀጥ ቪዲዮ ከፈተ። ከእያንዳንዱ ፓስ በፊት ያቆመውና "አሁን ብቻውን ያለው ማነው?" ይላል። ማንንም "አንተ ተሳስተሃል" አላለም። ቀድሞ የሚመልሰው ማን እንደነበር ታውቃላችሁ? ሁልጊዜ በሁለተኛው የፓወር ፕሌይ ቡድን የሚገባ፣ ዝምተኛ፣ በስኬቲንግ ከሌሎቹ የሚዘገይ ልጅ። ክፍቱን ሰው ከሁሉም በፊት ያየዋል። ዋናው አሰልጣኛችን ይህን ጥግ ላይ ተቀምጦ ያይ ነበር። በሚቀጥለው ጨዋታ ያ ልጅ ግድግዳው ጋ፣ በመጀመሪያው ፓወር ፕሌይ ቡድን ውስጥ ቆመ። አሁንም እዚያው ነው። እናቱ አቅፋ አመሰገነችኝ፤ ምስጋናው ግን የአሰልጣኙ ነው።

ቅሬታዬንም በግልጽ ላስቀምጥ። አንደኛ፣ መጀመሪያ ላይ ጎበዞቹን አምስት ልጆች ለይቶ ከሌሎቹ ረዘም ያለ ጊዜ ሰጣቸው። እኩል የከፈለ ወላጅ ይህን ሲያይ ደስ አይለውም፣ ልጁ ደግሞ ይበልጥ ይጎዳል። ነገርኩት፣ ከዚያ በኋላ ቀላቀላቸው። ከመጀመሪያው መሆን ነበረበት። ሁለተኛ፣ መጨረሻ ላይ የላከው ፒዲኤፍ በሥዕል የተሞላ ነው፣ ብዙው ያንኑ አንድ-ሦስት-አንድ ነው። በረዶ ላይ ያስተማራቸው ምርጡ ነገር ውስጡ የለም። ሦስተኛ፣ በረኞቹ። በእርግጥ አላስከፈላቸውም፤ 15ቱ ሜዳ ተጫዋቾች ናቸው መቶ መቶ ዶላር የተካፈሉት። ሁለቱ በረኞች ግን በዚያ ሁሉ ከጎን ወደ ጎን ሹት ላይ አንድ የሚያርማቸው ሰው አልነበራቸውም። አንዷ በሦስተኛው ልምምድ መጨረሻ መነሳት አቅቷት ተንበርክካ ቀርታለች። ልጅቷ ደክማ እንደሆነ የነገርነው ከውጭ ሆነን ነው።

ውጤቱስ? በየፓወር ፕሌዩ ጎል ማግባት ጀመርን ብል ውሸት ነው። ኦይለርስ እንኳን በዚያ ባለ ክብረ ወሰን ዓመታቸው ከሦስት ፓወር ፕሌይ በሁለቱ ያህል አላገቡም። ይህንን ለሚጮሁ አባቶች ሁሉ እነግራቸዋለሁ። ግን አሁን ልጆቹ ሰው ሲበዙ ይንቀሳቀሳሉ። ፐኩ መሃሉን ያቋርጣል፣ በረኛው ይወረወራል፣ የተመለሰውን እኛ እናነሳለን። ጎሉም ከበፊቱ ጨምሯል። ያልጠበቅነው ጥቅም ደግሞ አለ። በጠባቡ ሜዳ ተከላካይ ሆነው የገቡት ልጆች ስቲካቸውን የት ማስቀመጥ እንዳለባቸው ተማሩ። እኛ ሰው ሲጎድልብን የሚቆጠርብን ጎል ቀንሷል። ለአንዱ ከፍለን ሁለት አገኘን።

መቶ ዶላር ለሁሉም ቤት ቀላል አይደለም፣ በተለይ ሆኪ ላይ፤ ጫማው፣ መከላከያው፣ ስቲኩ፣ ምዝገባው ሲደመር። እኛ ለከበዳቸው ቤተሰቦች ማንነታቸው ሳይወራ ከቡድኑ ገንዘብ ከፈልን፣ ማናጀር የሆናችሁ ይህን አስቡበት። ለምዝገባ ክፍያ ደግሞ ኪድስፖርት የሚባለው ድርጅት ካናዳ ውስጥ ብዙ ቤተሰብ ይረዳል፣ ለመጠየቅ አትፈሩ።

ከ11 ዓመት በታች ላለ ቡድን አልመክረውም። እዚያ ዕድሜ ገንዘባችሁን ስኬቲንግ ላይ አውሉት። ስቲኩ ላይ የመጣለትን ፓስ መቀበል የማይችል ልጅ ስለ ፓወር ፕሌይ ቢማር ምንም አይፈይድለትም። ገንዘብ ከሌላችሁም አትጨነቁ። ፈቃደኛ አሰልጣኛችሁ አንድ ማርከርና ሁለት ትንንሽ ጎል ይዞ ሦስት ለሁለት ማጫወት ይችላል። ሆኪ ካናዳም ብዙ ልምምዶችን ድረ ገጹ ላይ በነፃ ያስቀምጣል። የምትወስዱት ከሆነ ቡድኖች ተመድበው ካለቁ በኋላ፣ ኖቬምበር ላይ ይሁን። የካቲት ላይ ቢሆን የተማሩትን የሚጫወቱበት ጨዋታ አይቀራቸውም።

ከአምስት ኮከብ አራት እሰጠዋለሁ። ለሚቀጥለው ወቅት ድጋሚ ይዘነዋል፣ በዚያው ዋጋ። አራቱም ልምምዶች በጠባብ ሜዳ እንዲጀመሩ፣ ልጆቹም ከመጀመሪያው ቀን እንዲቀላቀሉ ተስማምተናል። ለበረኞቹ ደግሞ አንድ የበረኛ አሰልጣኝ ይዞ እንዲመጣ ጠይቄዋለሁ፣ እሺ ብሏል።